ከስቶክሆልም እስከ ኦላንድ በሸራ ጀልባ፦ የአንባብያን ጥያቄዎች

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። 31 ጫማ ርዝመት ያላት አሮጌ የሸራ ጀልባ ገዝተናል። ጁላይ 15 ከስቶክሆልም ተነሥተን፣ ከባለቤቴና ከ6 እና ከ9 ዓመት ልጆቻችን ጋር በስዊድንና በፊንላንድ መሃል ያሉት የኦላንድ ደሴቶች ዋና ከተማ ማሪየሃምን ደርሰን በሦስት ሳምንት ለመመለስ አስበናል። ለ21ዱም ሌሊት የምናድርበትን ወደብ ጽፌ ጨርሻለሁ። አካሄዴ ልክ ነው?
የሁለት ልጆች አባት፣ ከስቶክሆልም

መልስ፦ ዝርዝሩን አይጣሉት፤ እንደ ቀጠሮ ግን አይያዙት። ሌሊት የሚያድሩበትን ቦታ የሚወስነው የዚያ ዕለት ነፋስ እንጂ ቤት ተቀምጠው የጻፉት ወረቀት አይደለም። የሚሻለው ጠዋት ጠዋት የስዊድን ሜትሮሎጂ ተቋም (ኤስኤምኤችአይ) የሚያወጣውን የባሕር ትንበያ አይቶ ለማታው ሁለት ማደሪያ መምረጥ ነው፤ አንዱ ከደቡብና ከምዕራብ፣ ሌላው ከሰሜን ነፋስ የተከለለ።

ርቀቱን ሲያሰሉ ፍጥነቱን 4.5 ኖት (በሰዓት 4.5 የባሕር ማይል) አድርገው ይያዙ። ነፋሱ ሲመች ጀልባዋ ከዚህ በላይ ትሄዳለች፤ ቢሆንም መልህቅ መሳቡ፣ ሸራ ማውጣቱና ማሳነሱ ሰዓት ይበላል። በዚህ ስሌት 18 የባሕር ማይል 4 ሰዓት ይወስዳል። ለ6 ዓመት ልጅ በቀን ይህ በቂ ነው።

ከሁሉ በላይ የሚረሳው የመልስ ጉዞው ነው። በዚያ ባሕር በበጋ በብዛት የሚነፍሰው ከደቡብ ምዕራብ ነው። ወደ ኦላንድ ሲሄዱ ከኋላ ስለሚገፋ ሁሉም ነገር ቀላል ይመስላል፤ ሲመለሱ ግን ፊት ለፊት ይገጥማችኋል። የሸራ ጀልባ ነፋሱ ወደሚመጣበት አቅጣጫ በቀጥታ መሄድ አትችልም። አንዴ ወደ ግራ፣ አንዴ ወደ ቀኝ በ45 ዲግሪ ገደማ እየታጠፈች ስለምትጓዝ በካርታው ላይ 20 ማይል የሆነው መንገድ ወደ 28 ማይል ይረዝማል። ስለዚህ ቀኑን እኩል ለሁለት አይክፈሉት፤ 8 ቀን ለመሄጃ፣ 10 ቀን ለመመለሻ፣ 3 ቀን ደግሞ ነፋስ ለመጠበቂያ ይያዙ።

በስዊድን በኩል ካለችው ከአርሆልማ ደሴት እስከ ማሪየሃምን ያለው 30 የባሕር ማይል ገደማ ሲሆን አብዛኛው ደሴት የማይከልለው ክፍት ባሕር ነው። ከልጆች ጋር ትንበያው ከ8 ሜትር በሰከንድ በላይ ካሳየ አርሆልማ መቆየቱ ይሻላል። መንገዱን ትልልቅ የመንገደኛና የጭነት መርከቦች ያቋርጡታል። አንድ መርከብ እየቀረበ ሳለ በኮምፓስ የምታዩበት አቅጣጫ ካልተለወጠ የግጭት መስመር ላይ ናችሁ ማለት ነው፤ ገና ከሩቅ፣ እነሱም በግልጽ እንዲያዩት አድርጋችሁ አቅጣጫ ቀይሩ። የኦላንድ ሰዓት ከስዊድን በ1 ሰዓት እንደሚቀድምም አይርሱ፤ ሱቅ ተዘግቶ የሚጠብቃችሁ በዚህ ምክንያት ነው።

ለልጆቹ የሚያስፈልገው ውሃ ሲነካው በጋዝ የሚነፋው ዓይነት የመንሳፈፊያ ጃኬት ሳይሆን አረፋ ያለው፣ አንገትጌው ራስን ደግፎ ፊትን ወደ ላይ የሚያደርግ፣ በእግር መሃል የሚያልፍ ማሰሪያ ያለው ነው። ማሰሪያው ካልታሰረ ልጁ ውሃ ውስጥ ሲገባ ጃኬቱ በራሱ ላይ ያልፋል።

ጥያቄ፦ ስዊድናውያን የጀልባቸውን አፍንጫ ወደ ድንጋዩ አስጠግተው፣ መልህቁን ከኋላ ጥለው ያድራሉ። እኛ ስንሞክር መልህቁ እየተንሸራተተ ይመጣል። ምን ጎደለን?
ጀማሪ ባለ ጀልባ፣ ከናካ

መልስ፦ አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ መልህቁን ቀርቦ መጣል ነው። ገመዱ አጭር ሲሆን ሽቅብ ይጎትተዋል፤ መልህቅ ደግሞ መሬቱን ቆፍሮ የሚይዘው አግድም ሲሳብ ብቻ ነው። ጥልቀቱ 8 ሜትር ከሆነ ቢያንስ 40 ሜትር ገመድ ያስፈልጋል። 31 ጫማ ያህል ለሆነ ጀልባ 10 ኪሎ መልህቅ፣ ከ3 እስከ 5 ሜትር ሰንሰለት፣ ከዚያ ገመዱ ይበቃል።

መጀመሪያ በሞተር ቀስ ብላችሁ ቦታውን አንድ ጊዜ እለፉበት፤ አንድ ሰው ፊት ቆሞ ከውሃ በታች ያለውን ቋጥኝ ይይ። ነጸብራቅ የሚቀንስ ፖላራይዝድ መነጽር እዚህ ላይ ዋጋው ይታያል። ከዚያ ርቃችሁ ዙሩና ከድንጋዩ አራት የጀልባ ርዝመት ያህል ሲቀራችሁ መልህቁን ጣሉ። ገመዱ ግማሽ ሲወጣ ለአፍታ ያዝ አድርጉት፤ መልህቁ መሬቱን ነክሶ ጀልባዋ ፍጥነቷን ስትቀንስ ይሰማችኋል። ካልተሰማ አንሡና እንደገና ጀምሩ፤ ታስሮ ካበቃ በኋላ የሚስተካከል ነገር አይደለም።

ገመድ ይዞ የሚወርደው ሰው ይራመድ እንጂ አይዝለል፤ እርጥብ ድንጋይ ያንሸራትታል። ሁለት የፊት ገመዶችን ግራና ቀኝ አስፍታችሁ ከዛፍ ወይም ስንጥቅ ውስጥ በመዶሻ ከተመታ የብረት ሽብልቅ ጋር እሰሩ። በመጨረሻ የመልህቁን ገመድ በኋላው ዊንች (ገመድ መወጠሪያ) ወጥሩት። ከአሥር ደቂቃ በኋላ ከላላ መልህቁ አልያዘም። በባልቲክ ባሕር ውሃው እንደ ውቅያኖስ በየቀኑ ጎልቶ ከፍና ዝቅ አይልም፤ ነፋስና የአየር ግፊት ግን የውሃውን ከፍታ በአሥር ሴንቲሜትሮች ሊለውጡት ይችላሉ፤ ስለዚህ አፍንጫው ከድንጋዩ ግማሽ ሜትር ይራቅ።

ሌሊት ነፋሱ ዞሮ ወደ ድንጋዩ ወይም ከጎን እንደሚመታ ትንበያው ከተናገረ እዚያ አትደሩ። ጠዋት ስትወጡም የመልህቁን ገመድ የሚሰበስበው ሰው ሞተሩን ከሚነዳው ጋር ይነጋገር፤ የላላ ገመድ ፕሮፔለር ላይ የሚጠመጠመው በዚህች ሰዓት ነው። ከቤቶች ርቆ አንድ ሁለት ሌሊት ማደር የተፈቀደ ነው፤ የወፎች መጠበቂያ የሚል ምልክት ያለበትን ግን አትቅረቡ። እሳትም ባዶ ድንጋይ ላይ አታንድዱ፤ ድንጋዩ ይሰነጠቃል፣ ጠባሳውም አይጠፋም።

ጥያቄ፦ ፍልሰታን የምንይዘው ጀልባ ላይ ነው። አራት አዋቂዎች ነን፣ ለ10 ቀን። ማቀዝቀዣዋ ትንሽ ናት፣ ጋዙም ባለ ሁለት ምድጃ። እንጀራውስ እንዴት ይቆያል?
እናት፣ ከኡፕሳላ

መልስ፦ እንጀራ ለሦስት ቀን ብቻ ይያዙ። የጀልባ ውስጥ አየር እርጥብ ስለሆነ በፕላስቲክ የታሸገ እንጀራ ቶሎ ይሻግታል፤ ፈጽሞ ከበረደ በኋላ በጨርቅ ይጠቅልሉት። ለቀሪው ቤት ውስጥ በደንብ የደረቀ ድርቆሽ አየር በማያስገባ ቆርቆሮ ይያዙ፤ ለአራት ሰው ለአንድ ማዕድ 400 ግራም ያህል ይበቃል። ሽሮ ለአንድ ማዕድ 200 ግራም፣ በቀን አንዴ ቢሠራ 2 ኪሎ ነው። ክክ ምስር ከ20 እስከ 25 ደቂቃ ይፈጃል፤ ሙሉ ሽምብራ ግን ጋዙን ይጨርሰዋል።

ቁሌቱን ቤት ሠርተው በማሰሮ ቢይዙ ትልቅ ጥቅም አለው። ተዘግቶ የቆየ ጀልባ ውስጥ ሽንኩርት ሲቁላላ እንፋሎቱ ፍራሹን ያረጥባል፣ ሽታውም አይለቅም። በሶ ደግሞ እሳት የማይፈልግ በመሆኑ ማዕበል ባለበት ቀን ማንም ምድጃ ላይ እንዳይቆም ያደርጋል። ለመጠጥና ለማብሰያ ለሰው በቀን 4 ሊትር ውሃ ያስቡ፤ ለአራት ሰው ለ10 ቀን 160 ሊትር ነው፤ ታንኩ ከዚያ ካነሰ በየአራት ቀኑ የእንግዳ ወደብ መግባት አለባችሁ። ፕሮፔን ጋዝ ከአየር ስለሚከብድ ሲያፈስ ወለሉ ሥር ይጠራቀማል፤ ምግቡ እንዳበቃ ጠርሙሱ ላይ ያለውን ቫልቭ ይዝጉ።

እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾም ሰው ክፍት ባሕር በሚሻገሩበት ቀን ብቻውን መሪ ባይይዝ ይሻላል፤ ባዶ ሆድና የውሃ ጥም የባሕር ሕመምን ያባብሳሉ። ማቋረጡን ከኦገስት 7 በፊት ወይም ከ21 በኋላ ማድረግ ካልተቻለ ለዚያ ቀን ከንስሐ አባትዎ ጋር ይምከሩ።

ጥያቄ፦ ሞተሩ ወደብ ላይ በደንብ ይሠራል፣ ማዕበል ሲመጣ ይጠፋል። ለምን?
ከኒኔስሃምን

መልስ፦ በአሮጌ የናፍጣ ታንክ ሥር ዝቃጭና ውሃ ይጠራቀማል። ጀልባዋ ስትናጥ ይነሣና ማጣሪያውን ይደፍነዋል። ከመነሣታችሁ በፊት ታንኩን አጽዱ፤ ሁለት ትርፍ ማጣሪያ፣ አንድ ኢምፔለር (በውሃ ፓምፑ ውስጥ እየዞረ ውሃውን የሚገፋው ክፍል) እና አንድ የሞተር ቀበቶ ያዙ። ማጣሪያ ከቀየራችሁ በኋላ አየሩን ማስወጣት ወደብ ላይ ተለማመዱት።

ጥያቄ፦ የመጸዳጃ ቤቱን ፍሳሽ ራቅ ብሎ ወደ ባሕር መልቀቅ ይቻላል?
ከሶልና

መልስ፦ አይቻልም። ከ2015 ኤፕሪል 1 ጀምሮ በስዊድን የባሕር ክልልና በሐይቆቿ ከመዝናኛ ጀልባ መልቀቅ ተከልክሏል። ማጠራቀሚያ ታንክ ያስፈልግዎታል፤ በወደቦች ባሉት መምጠጫ ጣቢያዎች ይራገፋል። ለአራት ሰው 40 ሊትር ታንክ በሦስት ቀን ገደማ ሊሞላ ስለሚችል ወደብ በገቡ ቁጥር ያራግፉት።