ከጉልበቱ ጀርባ ያበጠ ፈረስ፦ ጥያቄና መልስ

ጃን ሜዳ ፈረስ ይዛችሁ ለምትመላለሱ ወዳጆች «ስለ እግር እብጠት ጠይቁኝ» ብዬ ነበር። የጥያቄ ናዳ ወረደብኝ። የእንስሳት ሐኪም ነኝ፣ ሥራዬም በአብዛኛው ፈረስ ነው። ፒያሳ ማኪያቶዬን ይዤ ቁጭ ብያለሁ፤ የቻልኩትን ልመልስ።

ጥያቄ፦ የሦስት ዓመት ፈረስ አለኝ። የፊት እግሩ ከጉልበቱ ከፍ ብሎ በኋላ በኩል አብጧል። ስጋልበው ያነክሳል፣ ሲያርፍ ይሻለዋል። ራጅ ተነስቶ «አጥንት በቅሏል» ተባልኩ። ካንሰር ነው እንዴ?

መልስ፦ አይዞህ፣ የነገርከኝ ኦስቲዮኮንድሮማ የሚባለውን ነው የሚመስለው። ጫፉ በልም አጥንት የተሸፈነ የአጥንት ጉጥ ነው። ወደ ሌላ አካል አይዛመትም። ብዙ ጊዜ የሚወጣው ራዲየስ የሚባለው አጥንት ታችኛው ጫፍ ላይ፣ ከኋላ በኩል ነው።

ክፋቱ ቦታው ነው። ከጉልበቱ ጀርባ ኮቴውን የሚያጥፉት ጅማቶች ያልፋሉ። የሚያልፉበትን ከረጢት እኔ ሰገባ እለዋለሁ፤ ጎራዴ በሰገባው እንደሚንሸራተት ጅማቱም እዚያ ውስጥ ይንሸራተታል። ጉጡ ወደ ሰገባው ሲገባ በእያንዳንዱ እርምጃ ጅማቱን ይፍቀዋል። ሰገባው ይቆጣና ፈሳሽ ይሞላል። በእጅህ የምትዳስሰው በአብዛኛው ያንን ፈሳሽ ነው፤ ጉጡማ ውስጥ ተደብቋል። ስለዚህ ራጁን ይዘህ አልትራሳውንድም አስነሳ። ራጅ አጥንቱን ያሳይሃል፣ ጅማቱ ምን ያህል እንደተጎዳ የሚነግርህ ግን አልትራሳውንዱ ነው።

ጥያቄ፦ ቀዶ ጥገና ሲባል እግሩን ሊሰነጥቁት ነው?

መልስ፦ በካሜራ ከተሠራ አይሰነጠቅም። ሁለት ቀዳዳ ይበቃል፣ እያንዳንዱ አንድ ሴንቲ ሜትር ገደማ። መጀመሪያ ሰገባው በንጹህ የጨው ውሃ ይነፋል፣ ለመሥሪያ ቦታ እንዲገኝ። በአንዱ ቀዳዳ እርሳስ እንኳ የማያክል፣ 4 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ካሜራ ይገባል። በሌላው ትንሽ መሮ ገብቶ ጉጡን ከሥሩ ይፈነቅለዋል፣ ከዚያ በመቆንጠጫ ተይዞ ይወጣል። ሥሩ የነበረበት ቦታ ይለሰልሳል። ከጅማቱ የተላጠ ክር ካለም ይጸዳል። ሐኪሙ ይህን ሁሉ የሚያየው በስክሪን ነው።

ቁስሉ ትንሽ መሆኑ ለፈረስ ትልቅ ነገር ነው። እኛ ቀዶ ጥገና ሲደረግልን አልጋ ላይ እንከርማለን። ፈረስ ግን በዚያው ቀን በአራት እግሩ መቆም አለበት።

ጥያቄ፦ ልጄ የምትጋልባት ባዝራ ተመሳሳይ ነገር አላት። እኔን ያስፈራኝ ማደንዘዣው ነው።

መልስ፦ ልክ ነዎት እትዬ፣ ከመሮው ይልቅ እኔንም የሚያስፈራኝ እሱ ነው። በሙሉ ሰመመን ከተኙ 100 ፈረሶች አንድ ገደማ ይሞታል የሚል ቁጥር በሙያው ለረጅም ጊዜ ሲጠቀስ ኖሯል። በሰው ቢሆን ማንም አልጋ ላይ አይወጣም ነበር። ምክንያቱ ክብደቷ ነው። ለረጅም ሰዓት ስትተኛ ጡንቻዋ ይጎዳል፣ ሳንባዋም ይጫናል። ስትነቃ ደግሞ ደንግጣ ለመነሳት ስትፍጨረጨር እግሯን ልትሰብር ትችላለች። ባዝራዋ ካላነከሰችና ሰገባው ካላበጠ፣ ለራጁ ማማር ብለው አያስቀድዷት።

ጥያቄ፦ የእኔው ከጉልበቱ በታች፣ ወደ ውስጥ በኩል ነው። እንደ ድንጋይ የጠነከረ እብጠት፣ ግን አያነክስም።

መልስ፦ ያ ስፕሊንት ነው የሚመስለው። ከዋናው የቅልጥም አጥንት ጎን ቀጭን አጥንት አለ፤ በመካከላቸው ያለው ማሰሪያ ሲቆጣ አጥንት ይሠራል። በልጅነቱ አብዝቶ የጋለበ ፈረስ ላይ ይበዛል። ተጭነህ ካላመመው ተወው፤ መልክ እንጂ በሽታ አይደለም። ካመመው አሳርፈው፣ ቀዝቃዛ ውሃ አፍስስበት።

ጥያቄ፦ ወጌሻው «ልተኩስልህ» አለኝ።

መልስ፦ አይሆንም! ወጌሻ ለውልቃት የታወቀ ነው፣ አከብረዋለሁ። ብረት አግሎ ቆዳ ማቃጠል ግን አጥንቱ ዘንድ አይደርስም። በጥምቀት ሰሞን ጃን ሜዳ አጊጠው ከሚመጡ ፈረሶች ስንቱ እግሩ ላይ ጠባሳ እንዳለው አይታችሁ ከሆነ፣ ሌላ አልጨምርም።

ጥያቄ፦ ድንጉላዬ በብዙ ቦታ ጉጥ አለበት፣ የጎድን አጥንቱም ላይ ጭምር። ውርንጭላውም እንደዚያው ወጣ።

መልስ፦ ይህኛው ሌላ ነው አባቴ፣ የዘር ነው። ከወላጅ አንዱ ካለበት እያንዳንዱ ውርንጭላ የመያዝ ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ነው። አንዱን ቢነቅሉት ሌላው አለ። ድንጉላውን ከማስጠቃት ያግዱት።

ጥያቄ፦ ከተሠራለት በኋላ መቼ እጋልበዋለሁ?

መልስ፦ ስፌቱ ከ10 እስከ 14 ቀን ውስጥ ይወጣል፤ እስከዚያ ከጋጣው አይወጣም። ከዚያ በእጅ እየሳብክ ታራምደዋለህ። ጅማቱ ብዙ ካልተላጠ ሁለት ሦስት ወር ላይ ወደ ሥራው ይመለሳል። በደንብ ከተነቀለ ጉጡ ተመልሶ መብቀሉ ብዙም አያሳስብም። ጅማቱ በቁመቱ ከተሰነጠቀ ግን ዓመት እንኳ ሊፈጅ ይችላል፣ አትቸኩል።

ጥያቄ፦ የት ልውሰደው?

መልስ፦ መጀመሪያ ቢሾፍቱ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ያለው እዚያ ነው፣ ከዚህ 45 ኪሎ ሜትር ገደማ። ፈረሱን ከመጫንህ በፊት ራጁን ይዘህ ብቻህን ሂድና አማክር። የትም ቢሠራ ሦስት ነገር ጠይቅ፦ ካሜራው አለ ወይ? የፈረስ ማደንዘዣ ማሽን አለ ወይ? የሚነቃበት ክፍል ግድግዳው በፍራሽ የተሸፈነ ነው ወይ? አንዱ ከጎደለ «ለማንኛውም እንክፈተው» ቢሉህ እሺ አትበል። አሳርፈው፣ ግልቢያውን ቀንስ፣ ሰገባው ሲያብጥና ሲጎድል ቀኑን ጻፍ። ያንን ማስታወሻ ለሐኪሙ ስታሳየው ከግማሽ በላይ ሥራውን ጨረስክለት ማለት ነው።