ላይፍ ጃኬት ወንበር ስር አይቀመጥም

ጥያቄ፦ ባለ አንድ ሞተር፣ አራት ሰው የምትይዝ ሄሊኮፕተር አለችኝ። ቤተሰብ ይዤ ወደ አንድ ደሴት መሻገር አስቤአለሁ። ውሃው 12 ኖቲካል ማይል (የባሕር ማይል) ነው። ፍሎት (ውሃ ላይ የሚያንሳፍፋት የሚነፋ ከረጢት) የላትም። ለጀልባ የገዛኋቸው፣ ውሃ ሲነካቸው በራሳቸው የሚነፉ ላይፍ ጃኬቶች አሉኝ። ወንበር ስር ባስቀምጣቸው ይበቃል?

መልስ፦ አይበቃም። ጃኬቶቹንም ወደ ጀልባው ይመልሷቸው።

ለምን መሰለዎት? የሄሊኮፕተር ሮተርና (የሚሽከረከረው ክንፍ) ከባዱ ጊርቦክስ አናቱ ላይ ነው ያለው። ውሃ ላይ ሲወድቅ ብዙ ጊዜ ይገለበጣል። ጋቢናው በውሃ ይሞላል፤ እርስዎ በቀበቶ ታስረው ቁልቁል ተዘቅዝቀዋል። ያኔ ጃኬቱ በራሱ ከተነፋ ወደ ላይ ይገፋዎታል። ላይ ያለው ደግሞ ወለሉ ነው። እዚያ ያጣብቅዎታል፣ ዝቅ ብለው ወደ በሩ መሄድ አይችሉም። ለአውሮፕላን የተሠራው ጃኬት ገመዱ ሲጎተት ብቻ ነው የሚነፋው። ገመዱ የሚጎተተውም ከወጡ በኋላ ነው። ይህን ለልጆቹ ደጋግመው ይንገሯቸው።

ሕጉ እንደየአገሩ ይለያያል፤ ዋናው መለኪያ ግን ተመሳሳይ ነው። ሞተሩ ቢጠፋ በኦቶሮቴሽን (ሮተሩን ነፋሱ ብቻ እያሽከረከረው በመውረድ) ተንሸራተው የብስ ላይ ይደርሳሉ ወይ? በአውሮፓ ለግል በረራ ጃኬቱ ይለበሳል፣ ወይም ከወንበር ሳይነሱ የሚደረስበት ቦታ ይቀመጣል። በአሜሪካ በክፍያ ሰው የሚያጓጉዝ ግን ማልበስ ግዴታው ነው። እኔ በዚህ የአሜሪካኖቹን እደግፋለሁ። ተዘቅዝቆ ወንበር ስር መዳበስ ዋዛ አይደለም። ወገብ ላይ የሚታሰር ባለ ቦርሳ ዓይነት አለ፤ ሲያበሩ አያስቸግርም።

አሁን የእርስዎን መንገድ እናስላው። ትንንሽ ሄሊኮፕተሮች በኦቶሮቴሽን የሚንሸራተቱት በግምት 4 ለ 1 ነው፤ አንድ ጫማ ሲወርዱ አራት ጫማ ወደፊት ይሄዳሉ። ከ1500 ጫማ 1 ማይል ያህል ማለት ነው። 3000 ጫማ ላይ ቢበሩ በሁለቱም ዳርቻ ሁለት ሁለት ማይል ያገኛሉ፤ መሃል ላይ 8 ማይል ይቀራል። በ90 ኖት (በሰዓት 90 ኖቲካል ማይል) 5 ደቂቃ ግድም ነው። ለዚያች 5 ደቂቃ ነው ይህ ሁሉ። ትክክለኛውን ቁጥር ከሄሊኮፕተሯ መመሪያ ይውሰዱ፣ ነፋሱንም አይርሱ።

ፍሎት ጥሩ ነው፤ ግን ጊዜ ይገዛል እንጂ ዋስትና አይደለም። በ2018 (እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር) ኒውዮርክ ኢስት ሪቨር ወንዝ ላይ የወደቀው ሄሊኮፕተር ፍሎት ነበረው። እኩል ስላልተነፋ ተገለበጠ። አምስቱ ተሳፋሪዎች በሩ ተከፍቶ ፎቶ እንዲያነሱ ተብሎ ከጀርባቸው በገመድ ታስረው ስለነበር መውጣት አቃታቸው። ተራ ቀበቶ ያሰረው አብራሪ ተረፈ። ስለዚህ ቤተሰብዎን ከመደበኛው ቀበቶ ሌላ ምንም አያስሯቸው።

ጃኬት ሲገዙ የአገልግሎት ቀኑን የሚያሳየውን ወረቀት ይዩ። አሮጌ ከሆነ ፈቃድ ያለው ዎርክሾፕ ይስጡትና የጋዝ ሲሊንደሩ በሚዛን ስንት እንደመጣ ይጠይቁ። ሊኖረው የሚገባው ክብደት ላዩ ላይ ተቀርጿል፤ ጉልህ ሆኖ ከቀነሰ ጋዙ አምልጧል። አንገቱ ላይ ያለችው ስስ ቆርቆሮ ከተበሳችማ ባዶ ነው፤ ከውጭ ሲያዩት ግን ደህና ይመስላል። የመብራቱንም ባትሪ ያስፈትሹ።

የሄሊኮፕተሯ የአደጋ ማሳወቂያ ራዲዮ አብሯት ይሰምጣል። በሰው የሚያዝ፣ በ406 ሜጋኸርዝ የሚሠራና ጂፒኤስ ያለው አንድ ይግዙ፤ ኪስዎ ውስጥ ይሁን። በ121.5 ሜጋኸርዝ ብቻ የሚልክ አሮጌ ቢሰጥዎ አይቀበሉ። ሳተላይቶቹ እሱን ማዳመጥ ያቆሙት በየካቲት 2009 ነው (እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር)።

የነፍስ አድን ጀልባ? በአውሮፓ ሕግ ለግል በረራ ጥያቄው በቁም ነገር የሚነሳው ከየብስ ከ30 ደቂቃ በረራ ወይም ከ50 ኖቲካል ማይል በላይ ሲርቁ ነው። ውሃው ቀዝቃዛ ከሆነ ግን ርቀቱን ይተዉት፣ ይያዙ።

ከመነሳትዎ በፊት ሁሉም በየወንበሩ ተቀምጦ ዓይኑን ይጨፍንና የበሩን እጀታ በእጁ ይፈልግ። አንድ እጅ በሩ ላይ፣ ሌላው ቀበቶው ላይ። ውሃው እስኪረጋ ይጠብቃሉ፣ በሩን ይከፍታሉ፣ ቀበቶ የሚፈታው መጨረሻ ላይ ነው። ቀድሞ የፈታ ሰው ተንሳፎ በሩ ይጠፋበታል።