ለኢቢ-1ኤ የኖቤል ሽልማት የግድ አይደለም

ወንድሜ፣ «አሠሪ ሳይኖረኝ፣ ትልቅ ሽልማት ሳልወስድ፣ በምርምሬ ብቻ የአሜሪካ ግሪን ካርድ ማመልከት እችላለሁ?» ብለሃል። በደንብ ትችላለህ! ኢቢ-1ኤም (በዘርፋቸው የላቀ ችሎታ ላላቸው የሚሰጠው የግሪን ካርድ መንገድ) ሆነ ኤንአይደብሊው (ሥራህ ለአሜሪካ ስለሚጠቅም የአሠሪው ግዴታ የሚቀርበት መንገድ) አሠሪ አይጠይቁም፤ አይ-140 የሚባለውን የማመልከቻ ቅጽ ራስህ ታስገባለህ።

ለኢቢ-1ኤ ከ10 መስፈርቶች ቢያንስ 3 ማሟላት አለብህ። ተመራማሪ በብዛት የሚያቀርበው የታተሙ ጽሑፎቹን፣ የሌሎችን ሥራ መገምገሙንና ለዘርፉ ያበረከተውን ነው። 3ቱ ስለተሟሉ ግን አለቀ ማለት አይደለም። ማመልከቻህን የሚያየው የኢሚግሬሽን መርማሪ ማስረጃህን በጠቅላላ አይቶ ነው የሚወስነው።

ብዙ ሰው የሚወድቀው ከማመልከቻው ጋር በሚያያዘው የድጋፍ ደብዳቤ ላይ ይመስለኛል። አማካሪህ «ጎበዝና ታታሪ ነው» ብሎ ቢጽፍልህ ብዙም አይጠቅምህም። አብሮህ ሠርቶ የማያውቅ ተመራማሪ «በእሱ ዘዴ ተጠቅሜ ይህን ውጤት አገኘሁ» ቢል ግን ክብደት አለው። ለጆርናል ስትገመግምም ግብዣውን ብቻ ሳይሆን መጨረስህን የሚያረጋግጠውን ኢሜይል አስቀምጥ።

ጽሑፎችህን የጠቀሱ ሰዎች ገና ጥቂት ከሆኑ በኤንአይደብሊው ብትጀምር እመርጣለሁ። እዚያ የሚታየው ሥራህ ለአሜሪካ ያለው ፋይዳና አንተ ከዳር ለማድረስ ያለህ አቅም ነው። ከጸደቀልህ በኋላ በኢቢ-1ኤ ብታመለክት የመጀመሪያውን የወረፋ ቀንህን (የግሪን ካርድ ተራህ የሚቆጠርበትን ቀን) ይዘህ መሄድ ትችላለህ።