ጨረቃ የሚውጠው ዘንዶ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የምጽፍልዎ ከጎንደር፣ ከአራዳ ነው። አያቴ መርከበኛ ነበሩ። ዕቃ ቤት ስናጸዳ ከፊሊፒንስ ያመጧት ጎራዴ ተገኘች። እጀታዋ ጥቁር ቀንድ ነው፤ ጫፉ ላይ ጥርሱን ያገጠጠ አውሬ ተቀርጿል። እናቴ «ይሄ ሰይጣን ነው፣ ከቤቴ ይውጣልኝ» ብላ አስጨነቀችኝ። ምንድን ነው? ፎቶ ልኬያለሁ።
(የተጨነቀው ልጅ)

መልስ፦ ልጄ፣ መጀመሪያ እናትህን አረጋጋልኝ። ሰይጣን አይደለም።

ፎቶውን በአጉሊ መነጽር ሳይቀር አየሁት። ስለቷ በአንድ ወገን ብቻ ነው፤ ቁመቷም ከክንድ ብዙ አያልፍም። በቪሳያ ደሴቶች፣ በፓናይና በኔግሮስ በኩል የሚሠሩትን ቴኔግሬ የሚባሉትን ትመስላለች። የዚያ አካባቢ ቀራጮች እጀታ ላይ የሚያወጡት አውሬ ብዙውን ጊዜ ባኩናዋ ነው።

ባኩናዋ ባሕር ውስጥ የሚኖር ግዙፍ ዘንዶ ነው። ድሮ፣ ይላል ተረቱ፣ ሰማይ ላይ ሰባት ጨረቃዎች ነበሩ። ዘንዶው ውበታቸው አሳበደውና እየወጣ አንድ በአንድ ዋጣቸው። ስድስቱ አለቁ። የመጨረሻዋን ጎረስ ሲያደርግ ሕዝቡ ድስት እየደበደበ፣ እየጮኸ ከየቤቱ ወጣ። ደንግጦ ተፋት። ከዚያ ወዲህ ጨረቃ በተጋረደች ቁጥር ድስት ይደበደባል። ጳጉሜን 2 ቀን 2017 ማታ ጨረቃ ስትቀላ እኔም ደጃፌ ቆሜ ይኼው ተረት ትዝ አለኝ። ባለቤቴን «እስቲ ድስት አምጪ» ብላት፣ አመመው እንዴ ብላ አየችኝ።

ከፊሊፒንስ ደቡብ፣ ከሚንዳናው ደሴት የሚመጣው ካምፒላን የሚባለው ጎራዴ ሌላ ነው። አንድ ሜትር ገደማ ይደርሳል፤ የእጀታው ጫፍ ለሁለት ተከፍሎ የተከፈተ አፍ ይመስላል። አንዱ አዞ ነው ይለዋል፣ አንዱ ባኩናዋ፣ ሌላው ካላው የምትባለው መንቁረ ትልቅ ወፍ። ያንተዋ አጭር ናት፣ እሱን ተወው።

አባቴ የቀንድ ዋንጫ ሠሪ ነበሩ፤ ቀንድ የሚጠላውን አውቃለሁ። ፀሐይ ላይ እንዳታሰጣት፣ እጀታው ይሰነጠቃል። እዚያ አገር ደግሞ ብረቱን ከእጀታው የሚያጣብቁት ብዙ ጊዜ በዛፍ ሙጫ ነው፤ ሲሞቅ ይለቃል። በደረቅ ጨርቅ ወልውላት፣ ብረቱን ብቻ የልብስ ስፌት መኪና ዘይት አስነካው። ቅቤ እንዳትሞክር! እኔ የአያቴን ሰይፍ ቅቤ ቀብቼ አፎቱን አይጥ በላብኝ።

ለእናትህ በየቤተ ክርስቲያኑ ቅዱስ ጊዮርጊስ እግር ሥር ያለውን ዘንዶ አስታውሳት። «እሱ እኮ እየተወጋ ነው» ትልሃለች። እውነቷን ነው፣ አትከራከራት። ጠበል ይረጭባት ካለችም ይረጭ፤ ብቻ ቀንዱን ቶሎ አድርቀው።