ይቅር አለኝ፣ ደስ አለኝ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ከረሙ? የምጽፍልዎ ከሐዋሳ ነው። በጸሎት ቡድናችን ስመሰክር «እግዚአብሔር ይቅር ስላለኝ ደስ ብሎኛል» አልኩ። አንዲት እኅት ሳቀችና «ይቅርታ የባጃጅ ሹፌር ቃል ነው፤ ምሕረት በይ። ደስታም የዓለም ነው፤ ሐሤት በይ» አለችኝ። ተሳስቻለሁ?

መልስ፦ ኧረ አልተሳሳትሽም ልጄ። እንዲያውም ሳታስቢው ያማረ አማርኛ ነው የተናገርሽው።

ከባጃጁ ልጀምር። እኔም እዚሁ ሐዋሳ ነዋሪ ነኝና ነገሩ ይገባኛል። ፒያሳ ላይ አንዱ ይታከከኝና «ይቅርታ ፋዘር!» ብሎ ዞር ሳይል ይበራል። ቃሉ በዝቶ ረከሰ። ሥሩ ግን ርካሽ አይደለም። «ቀረ» ነው። ሠርጉ ቀረ፣ ስብሰባው ቀረ እንላለን። ያበደረሽ ሰው «ብሩ ይቅር» ካለሽ ደግሞ ዕዳው የለም፤ ለዚያ ጉዳይ ደጅሽን አይረግጥም። «ይቅር» ማለት ይኸው ነው። «ታ» ስትጨመርበት ስም ሆነ።

በመዝሙር 32 ኃጢአቱ የተከደነለትን ሰው የቀድሞው አማርኛ «መተላለፉ የቀረችለት» ይለዋል። በአቡነ ዘበሰማያትም ግእዙ «ኅድግ ለነ አበሳነ» ነው። «ኀደገ» ተወ ማለት ነው። አማርኛው «በደላችንን ይቅር በለን» አለ። እኅትሽም አባታችን ሆይ ስትል ትለዋለች፤ ያውም ባጃጅ ላይ ሳይሆን ተንበርክካ።

ምሕረት ከግእዙ «መሐረ» የመጣ ነው። አማርኛ «ሐ»ን ውጦ «ማረ» አደረገው፤ «ማረኝ» የምንለው ከዚያ ነው። ምሕረት ከላይ ወደ ታች ይወርዳል። ጎረቤቴ ቡና ላይ «ማረኝ» ቢለኝ እደነግጣለሁ፤ «ይቅር በለኝ» ቢል ግን የወግ ነው። በሕጋችን ደግሞ ይቅርታ ቅጣትን ያስቀራል ወይም ያቀላል፤ ምሕረት ግን ጥፋተኛ የተባለበትን ፍርድ ጭምር እንዳልነበረ ያስቆጥራል። ይህ የሕግ ሰዎች ክፍፍል ነው፤ ጸሎት ውስጥ አታስገቢው። ሥርየት የሚባለውም አለ። እሱ ለኃጢአት ብቻ የተቀመጠ ቃል ስለሆነ ማንም ጎረቤቱን «ሥርየት አድርግልኝ» አይልም።

ወደ ደስታው እንምጣ። እኔን የሚገርመኝ እሱ ነው።

«ደስ አለኝ» ስንል ማን ነው ያለኝ? እኔ አይደለሁም። እኔ «ኝ» ውስጥ ነኝ። ነገሩ ደስ ይለኛል፤ ደስታው ይመጣብኛል እንጂ እኔ አልሠራውም። «ሐሤት አደረግሁ» ስል ግን አድራጊው እኔ ነኝ። ሐሤት ከግእዙ «ተሐሥየ» የመጣ ግሩም ቃል ነው፤ መዝሙር ላይ ሲገባ ያምራል። አንቺ ግን የተናገርሽው ስለተደረገልሽ ነገር ነው። እስቲ ጎን ለጎን አድርገሽ ስሚው፦ ይቅር አለኝ፣ ደስ አለኝ። ሁለቱም ላይ «አለ» አለ፤ ሁለቱም ላይ ተቀባይዋ አንቺ ነሽ። አንዱ ሲባልልሽ ሌላው ተከትሎ ይመጣል። ሰዋስው ሳስተምር እንዲህ ያለ ጥንድ ብዙ አላጋጠመኝም።

ደስታ የዓለም ነው ላለችሽ ደግሞ መዝሙር 51ን አሳያት። የንስሐ መዝሙር ነው። ግእዙ «ፍሥሐ» ያለውን አማርኛው «የማዳንህን ደስታ ስጠኝ» አለው። ሐሤት ጠፍቷቸው አይመስለኝም።

ሉቃስ 15ንም፣ የጠፋውን ልጅ ታሪክ፣ ክፈቱት። ልጁ «በደልሁ» ብሎ ያሰበውን ሳይጨርስ አባትየው ልብስ አስመጣ፣ ፊሪዳ አሳረደ፣ «እንብላም ደስም ይበለን» አለ። «ይቅር ብዬሃለሁ» የሚል ቃል በዚያ ታሪክ ውስጥ የለም። እኔም ብዙ ጊዜ አንብቤው ይህን ያስተዋልኩት ዘግይቼ ነው። እኅትሽም ትፈልገው።