ክኒኑን ስላልተወ ነው ያልተፈወሰው?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ወር አራት ደብዳቤዎችን አንድ ላይ አድርገናል። የጻፉልን ከኦርቶዶክስም ከወንጌላውያንም ወገን ናቸው፤ ሁሉም የሚጠይቁት ግን ስለ አንድ ነገር ነው፦ ተጸልዮ፣ ተጾሞ፣ ተለቅሶ ስላልመጣ ፈውስ። መልሱን የሥነ መለኮት መምህራንና ሐኪሞች አብረው ስላዘጋጁት ጥቅሱና ክኒኑ እየተቀላቀሉ ይመጡባችኋል።

ጥያቄ፦ የ19 ዓመት ወንድሜ የሚጥል በሽታ አለበት። ለአራት ዓመት ማታ ማታ ፌኖባርቢታል ሲወስድ ቆየ። አንድ የፈውስ ጉባኤ ላይ ተጸለየለትና “ከእንግዲህ ክኒን መዋጥ አለማመን ነው” ስለተባለ አቆመ። አሥር ቀን ምንም አልነካውም። እንዲያውም ድብታው ለቀቀው፣ ፊቱ ፈካ፤ እኛም ምስክርነት ሰጠን። በሦስተኛው ሳምንት በአንድ ቀን ሦስት ጊዜ ጣለው። አሁን “ተፈውሶ ነበር፣ እናንተ በጥርጣሬያችሁ አስመለሳችሁበት” ይሉናል። እናቴ እህል መቅመስ አቁማለች። እውነት ጥፋቱ የእኛ ነው? (ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ ለእናትዎ አስቀድመው ይህን ይንገሩልን፦ በሽታውን የመለሰው የእርሳቸው ጥርጣሬ አይደለም፤ መድኃኒቱ በድንገት መቋረጡ ነው።

ፌኖባርቢታል ከሰውነት ቶሎ አይወጣም። በደም ውስጥ ያለው መጠን በግማሽ እስኪቀንስ ብቻ ሦስት አራት ቀን ይፈጃል፤ ተሟጦ እስኪያልቅ ሁለት ሦስት ሳምንት። ስለዚህ እነዚያን አሥር ቀናት ወንድምዎን የጠበቀው ቀድሞ የዋጠው ክኒን ነበር። የፊቱ መፍካትም ውሸት አይደለም፤ መድኃኒቱ እንቅልፍ እንቅልፍ ስለሚያሰኝ መጠኑ ሲወርድ ሰው ይነቃቃል። ቤተሰብን የሚያሳስተው ይኸው ነው፦ ድብታው ቀድሞ ይሄዳል፣ በሽታው ዘግይቶ ይመጣል። ዓመታት በመድኃኒት ተገርቶ የኖረ አንጎል ልጓሙ በአንዴ ሲፈታለት ደግሞ ከበፊቱ ብሶ ሊነሣበት ይችላል። መድረክ ላይ ምስክርነት የሚሰጠው በአሥረኛው ቀን ነው፤ በሃያኛው ቀን ማይክ ይዞ ቤታችሁ የሚመጣ የለም።

አሁኑኑ መድኃኒቱን ወደሚወስድበት ጤና ተቋም ይሂድ። ያቆመበትን ቀን ሳትደብቁ ተናገሩ፤ መጠኑን የሚወስነው ሐኪሙ ነው። ያመለጠውን ላካክስ ብሎ ደራርቦ እንዳይውጥ። እስኪረጋጋ ድረስ ምድጃ ዳር ብቻውን አይቀመጥ፣ ወንዝም ጠበልም ያለ ሰው አይግባ። ሲጥለው በጎኑ አስተኙት፣ ከራሱ ሥር ጋቢ አጣጥፉለት፣ የአንገቱን ቁልፍ ፍቱለትና ሰዓት ተመልከቱ። በጥርሱ መካከል ማንኪያ መክተት ጥርስ ይሰብራል እንጂ አይረዳውም። ክብሪት ጭሮ ማሽተትም ፊቱን ከማቃጠል በቀር የሚያመጣው የለም። እጅና እግሩን ጨምድዳችሁ አትያዙት። አምስት ደቂቃ ካለፈው፣ ወይም ሳይነቃ ደግሞ ከጣለው፣ ጸሎቱን መኪና ውስጥ ቀጥሉና ሆስፒታል አድርሱት።

ወደ እምነቱ ስንመጣ፣ ማርቆስ ምዕራፍ 9ን እቤታችሁ ተቀምጣችሁ ቀስ ብላችሁ አንብቡት። እዚያ ያለው ልጅ ይወድቃል፣ አረፋ ይደፍቃል፣ እሳትና ውኃ ውስጥ ይጣላል፤ የወንድምዎን ነገር የሚያውቅ ሰው የጻፈው ይመስላል። አባትየው የነበረው እምነት ይህችው ናት፦ “አምናለሁ፤ አለማመኔን እርዳው።” ልጁ የተፈወሰው ይህን ላለው አባት ነው። የቤተሰብ ጥርጣሬ ፈውስን የሚነጥቅ ቢሆን ኖሮ ያ ልጅ መጀመሪያውኑ ባልተነሣ ነበር። ደግሞም በታሪኩ መጨረሻ “እኛ ያልቻልነው ለምንድን ነው?” ብለው የጠየቁት ደቀ መዛሙርቱ ናቸው፤ ጾምና ጸሎት የቀራቸውም እነርሱ እንጂ የልጁ ቤት አይደለም። ይህን ምዕራፍ ጠቅሶ ሕመምተኛውን የሚወቅስ ሰባኪ መልሱን ላልተነገረው ሰው እየሰጠ ነው።

“እዚያ የተገሠጸው መንፈስ ስለሆነ የሚጥል በሽታ ሁሉ መንፈስ ነው” የሚሉም አይጠፉም። ማቴዎስ 4፥24 ግን ወደ ጌታ የመጡትን ሲዘረዝር አጋንንት ያደረባቸውን ለብቻ፣ “በጨረቃ የሚነሣባቸውን” (የሚጥል በሽታ ያለባቸውን ማለት ነው) ለብቻ፣ ሽባዎችን ለብቻ ይጠራቸዋል። ወንጌሉ የለየውን እኛ ባንቀላቅለው ይሻላል።

ጌታ ለምጻሞቹን ያላቸውንም አስተውሉ፦ “ራሳችሁን ለካህናት አሳዩ።” በኦሪቱ ሥርዓት ቆዳቸውን መርምሮ ነጽተዋል የሚለው ካህኑ ነበር፤ ያጠራጠረውን ሰባት ቀን አቆይቶ ደግሞ ያየዋል (ዘሌዋውያን 13)። ጌታ የሰጠው ፈውስ ከምርመራ አልሸሸም። በወንድምዎ ዘንድ ይህ የሚሆነው እንዲህ ነው፦ መድኃኒቱን እየወሰደ ቢያንስ ሁለት ዓመት ሳይጥለው ከቆየ ሐኪሙ ማቆም ይቻል እንደሆነ ያያል፤ ከተቻለም በወራት ውስጥ ጥቂት በጥቂት እየቀነሰ ነው። ተፈውሶ ከሆነ ምን ያስቸኩላል? የተፈወሰ ሰው ክኒን ቢውጥ ፈውሱ አይቀንስበትም።

ይህን ደብዳቤ የሚያነቡ የስኳር ሕመምተኞች አንድ ነገር ልብ ይበሉ። እናንተ ያቺ የአሥር ቀን ፋታ እንኳ የላችሁም። በተለይ የመጀመሪያው ዓይነት ስኳር ያለበት ሰው ኢንሱሊን ካቆመ በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ማስመለስ፣ ቁና ቁና መተንፈስ፣ ከዚያም ራስን መሳት ሊመጣበት ይችላል። በኤችአይቪ መድኃኒት ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፦ ያቆመው ሰው ለወራት ደህና ሆኖ ይሰነብታል፤ ቫይረሱ ግን በሳምንታት ውስጥ ተመልሶ እየተራባ ነው።

ጥያቄ፦ ኩላሊቴ ሥራ ካቆመ ሦስት ዓመት ሆነው፤ በሳምንት ሦስት ቀን ዲያሊስስ (ደም በማሽን ማጣራት) አደርጋለሁ። ቀንዲል (ለሕመምተኛ የሚደረገው የዘይት ቅባት ጸሎት) ተደርጎልኛል፣ ስእለትም ተስያለሁ። ያዕቆብ “የእምነት ጸሎት ድውዩን ያድናል” ይላል፤ እኔ ግን አልዳንኩም። አሁን ሁለት ሱባኤ ጠበል ልገባ አስቤያለሁ። ምን ትመክሩኛላችሁ? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ከጠበሉ እንጀምር፣ ቀን የማይሰጠው እርሱ ነውና። ሁለት ሱባኤ ማለት 14 ቀን ነው፤ በእርስዎ ፕሮግራም ስድስት ዲያሊስስ ያህል። አንዱን እንኳ ሲዘሉ ውኃው ሳንባ ላይ ሊወጣ፣ ፖታሲየም የተባለው ማዕድን ተጠራቅሞ ልብን በድንገት ሊያቆም ይችላል። ስለዚህ ሄደው የሚመለሱበት ቅርብ ጠበል ይምረጡ፤ በዲያሊስሱ ቀን ጧት ሳይሆን በመካከሉ ባለው ቀን ይጠመቁ።

ሁለተኛው መጠጡ ነው። ሽንት ለማይወጣው የዲያሊስስ ታካሚ በቀን የሚፈቀደው ፈሳሽ አብዛኛውን ጊዜ ከግማሽ እስከ አንድ ሊትር ነው፤ ሻይም መረቅም ተቆጥሮ። ጠበል ቦታ ግን ጧት በባዶ ሆድ አንድ ሃይላንድ ሙሉ መጠጣት የተለመደ ነው። ለጤነኛ ሰው ምንም ላይሆን ይችላል፤ ለእርስዎ ግን የሁለት ቀን ድርሻዎ ሊሆን ይችላል። በቡና ስኒ አንድ ይጠጡ፤ ለአጥማቂው ካህን ሕመምዎን ቀድመው ይንገሯቸው። አንገትዎ ላይ የዲያሊስስ ቱቦ ካለ ፈጽሞ ውኃ አይንካው፤ ከዚያ የሚገባ ጀርም ቀጥታ ደም ውስጥ ነው የሚገባው። ከወገብ በታች ይረጩልዎ። ቱቦ ሳይሆን ክንድዎ ላይ የተሠራ ፊስቱላ (ለዲያሊስሱ የተያያዘ የደም ሥር) ከሆነ ያን ክንድ ሰው እንዳይጎትተው፣ መቁጠሪያም እንዳይጠመጠምበት። የጾም ነገርም አለ፦ ሙዝ፣ ቲማቲም፣ ድንችና ጥራጥሬ ፖታሲየም ይበዛባቸዋል። ለሕመምተኛ ጾም በንስሐ አባት ፈቃድ ይላላልና ይጠይቁ።

ጠበልና መድኃኒት ይጣላሉ የሚልዎት ካለ፣ በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ለኤችአይቪ ሕሙማን ሁለቱም አብረው እንደሚወሰዱ በይፋ መናገራቸውን ያስታውሱት። ሲራክ ምዕራፍ 38ም ሐኪምን አክብር፣ መድኃኒትን ከምድር ያወጣ እግዚአብሔር ነው ይላል።

አሁን ወደ ያዕቆብ። በ5፥14 ላይ ሕመምተኛው እንዲያደርግ የታዘዘው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ መጥራት። የሚመጡት፣ ዘይት የሚቀቡት፣ የሚጸልዩት ሽማግሌዎቹ ናቸው። “የእምነት ጸሎት” የተባለውም የእነርሱ ነው። ስለዚህ ያልዳንኩት እምነቴ አንሶ ነው ብለው ራስዎን የሚመዝኑበት ሚዛን ከዚህ ጥቅስ አይገኝም። “ያስነሣዋል” የሚለው ቃል ደግሞ በግሪኩ ስለ ሙታን መነሣትም የሚነገር ነው፤ ያዕቆብ ከሆስፒታል አልጋ መነሣትን ብቻ አስቦ ነው ለማለት ያስቸግራል።

ሐዋርያቱ ራሳቸው በዙሪያቸው ያልተፈወሰ ሰው ነበራቸው። ጳውሎስ ስለ ሥጋው መውጊያ ሦስት ጊዜ ለመነ፤ መልሱ “ጸጋዬ ይበቃሃል” ነበር። ጢሞቴዎስን ስለ ደጋገመበት ሕመም እጅ በመጫን ፈንታ ጥቂት ወይን እንዲጠጣ መከረው። ጥሮፊሞስን “ታሞ በሚሊጢን ተውሁት” አለ፤ ሌላ ማብራሪያ የለም፣ የጥሮፊሞስ እምነት ደከመ የሚል ወቀሳም የለም። ባለ መድኃኒቱ ሉቃስ ደግሞ ከጳውሎስ አልተለየም። ለምን እርስዎ እስካሁን እንዳልተፈወሱ የሚነግርዎ ሰው ቢመጣ፣ ለጳውሎስ እንኳ ስለ ጥሮፊሞስ ያልተነገረውን እርሱ ከየት እንዳገኘው ይጠይቁት።

ጥያቄ፦ ለባለቤቴ ካንሰር እንዲጸለይ “ዘር” ዝሩ (ገንዘብ ስጡ) ተብለን ወርቋን ሸጥን። ትክክል ነው? (ከሐዋሳ)

መልስ፦ አይደለም። ለምጻሙ የሶርያ ሠራዊት አለቃ ንዕማን ሊፈወስ 10 መክሊት ብር፣ ስድስት ሺህ ወርቅና 10 መለዋወጫ ልብስ ይዞ መጣ፤ ነቢዩ ኤልሳዕ አንዱንም አልነካም። ተከትሎ የተቀበለው ሎሌው ግያዝ ነው፤ ያገኘውም የንዕማንን ለምጽ ነው (2 ነገሥት 5)። ያ ሁሉ ተአምር የተደረገበት ኤልሳዕ ራሱ በበሽታ ሞተ (13፥14)። ከእንግዲህ የሚሸጥ ነገር ካላችሁ ለኬሞው ቀጠሮና ለመጓጓዣው አስቀምጡት።

ጥያቄ፦ ጅዳ በሰው ቤት እሠራለሁ፤ 27 ዓመቴ ነው። እናቴ በ46 ዓመቷ በጡት ካንሰር አረፈች። ስለ እሷ ፍልሰታን ልጾም ተስዬ ነበር፤ አሠሪዬ “ሳትበዪ አትሠሪም” ብላ አስገደደችኝና አፈረስኩ። በአሥራ አምስት ቀኗ እናቴ ሞተች። በእኔ ነው?

መልስ፦ እህታችን፣ በአንቺ አይደለም። ዕውር ሆኖ የተወለደውን ሰው አይተው “ማን ነው የበደለ? እርሱ ወይስ ወላጆቹ?” ያሉት ደቀ መዛሙርቱ ናቸው፤ የጌታ መልስ “እርሱም ወላጆቹም አልበደሉም” ነው (ዮሐንስ 9)። ተገደሽ የበላሽው እንጀራ እናትሽን አልገደላትም። ካንሰሩ በዚያ ጊዜ አንቺ ከመሳልሽ በፊት ወራት፣ ምናልባትም ዓመታት አድጎ ነበር።

ስእለቱ ከከበደሽ ለንስሐ አባትሽ በስልክ ተናገሪ፤ ስእለትን በሌላ የመለወጥ ወይም የመፍታት ሥልጣን የእርሳቸው ነው። “ለበጎ ነው” ለሚሉሽ መልስ የመስጠት ግዴታ የለብሽም። መጸለይ ካቃተሽ መዝሙር 87ን (በአንዳንድ መጽሐፍ ቅዱስ 88 ነው) አንብቢ፤ እንደ ብዙዎቹ መዝሙራት በምስጋና አይዘጋም፣ ከነጩኸቱ ያልቃል፤ ቤተ ክርስቲያንም እንዳለ ታነበዋለች።

ለራስሽም ጤና አስቢ። እናት ከ50 ዓመት በፊት በጡት ካንሰር ከታመመች የልጅ አደጋ ከፍ ይላል። ለሐኪም ይህን ንገሪ፤ ምርመራ የእናት ካንሰር ከታወቀበት ዕድሜ አሥር ዓመት ቀደም ብሎ፣ ማለት በአንቺ ቢዘገይ በ36 ገደማ መጀመር የተለመደ ምክር ነው። እስከዚያው የማያም እብጠት፣ የቆዳ መሰርጎድ፣ ከጡት ጫፍ ደም ካየሽ ኮንትራትሽ እስኪያልቅ አትጠብቂ።

ለተዝካሩ መድረስ ካልቻልሽ የእናትሽን የክርስትና ስም ለአጥቢያዋ ካህን በዘመድ በኩል ላኪ። በቅዳሴው ላይ የሚጠራው እሱ ነው።