የፍሪሲዮን ፔዳል የሌለው ማኑዋል? ለጥያቄዎቻችሁ መልስ

ስለ ድሮ ስፖርት መኪናዎች ከፊል አውቶማቲክ ካምቢዮ ከላካችሁት ጥያቄ ለአንዳንዱ መልሱ እነሆ። ዓመቶቹ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።

ጥያቄ፦ የፖርሽ ስፖርቶማቲክ አውቶማቲክ ነው ወይስ ማኑዋል?

መልስ፦ መሃል ላይ ነው። በ1968 ሞዴል 911 ላይ የመጣ ሲሆን የፍሪሲዮን ፔዳል የለውም፤ ማርሹን የሚያስገባው ግን ሹፌሩ ራሱ ነው። ዘንጉን ገና ነካ ስታደርገው ውስጡ ያለች ትንሽ የኤሌክትሪክ ማብሪያ ትገናኛለች፣ እሷ ቫልቭ ታስከፍታለች፣ ከዚያ ከሞተሩ የሚመጣው ቫኪዩም (የአየር መሳብ ኃይል) ፍሪሲዮኑን ያስለቅቀዋል። እጅህን ስታነሳ መልሶ ይይዛል። የሞተሩን ኃይል በዘይት አማካይነት የሚያስተላልፍ ቶርክ ኮንቨርተርም ስላለው ማርሽ ውስጥ እያለ ብትቆም ሞተሩ አይጠፋብህም። በጊዜው ይህን ያለ ኮምፒውተር መሥራታቸው እስካሁን ይገርመኛል።

ጥያቄ፦ እየነዳሁ ድንገት ሞተሩ ይጮሃል፣ መኪናው ግን አይጎትትም። ፍሪሲዮኑ አልቆ ይሆን?

መልስ፦ ወንድሜ፣ መጀመሪያ እጅህን እይ! ማኑዋል የለመደ ሰው እጁን ዘንጉ ላይ ጣል አድርጎ ይነዳል፤ እዚህ ግን ያቺ ትንሽ ክብደት ብቻ ፍሪሲዮኑን ልታስለቅቀው ትችላለች። እጅህን አንስተህም ከቀጠለ የማብሪያዋን ክፍተት አስተካክል፣ ፍሪሲዮኑን የምትጠረጥረው ከዚያ በኋላ ነው። በተቃራኒው ማርሽ ስታስገባ የሚፋጭ ከሆነ የቫኪዩም ቱቦዎቹ ተሰነጣጥቀው አየር እያስገቡ እንደሆነ ፈትሽ፤ ቫኪዩም ከሌለ ፍሪሲዮኑ አይለቅም።

ጥያቄ፦ የሰነፍ ሹፌር ካምቢዮ ነው ይላሉ። እውነት ነው?

መልስ፦ ስሙ ያለ አግባብ ነው የጠፋው ባይ ነኝ። በ1967 ጀርመን ባለው የኑርበርግሪንግ መወዳደሪያ ላይ የተካሄደውን የ84 ሰዓት ውድድር ያሸነፈው ስፖርቶማቲክ የተገጠመለት 911 አር ነው፤ የነዱትም ቪክ ኤልፎርድ፣ ሃንስ ኸርማንና ዮኸን ኔርፓሽ። ያን ሁሉ ሰዓት ከቆየ ደካማ ነው ማለት ይከብዳል። ገዢ ግን ብዙም አልወደደውም። ማርሾቹ ከአራት ወደ ሶስት ወረዱ፣ በ1980 ተቋረጠ።

ጥያቄ፦ ኋላ የመጣው የፖርሽ ቲፕትሮኒክስ ያው ነው?

መልስ፦ አይደለም። እሱ በእጅም ማዘዝ የሚቻል ሙሉ አውቶማቲክ ነው።

ጥያቄ፦ ከመሪው ጀርባ ያሉት የፌራሪ መቀየሪያዎችስ ከዚህ ተወለዱ?

መልስ፦ ሃሳቡ ይቀራረባል፣ አሠራሩ ግን ሌላ ነው። ጆን ባርናርድ የነደፈው የፎርሙላ 1 መኪና ፌራሪ 640 በ1989 ብራዚል ላይ የመጀመሪያ ውድድሩን ከሹፌሩ ናይጀል ማንሰል ጋር አሸነፈ፤ በ1997 ደግሞ ይኸው ዘዴ ለተራ መንገድ በተሠራው ፌራሪ ኤፍ 355 ላይ ወጣ። እዚያ ፍሪሲዮኑንም ማርሹንም የሚያንቀሳቅሰው በኮምፒውተር የሚታዘዝ ሃይድሮሊክ (የዘይት ግፊት) ነው፣ የሹፌሩ ድርሻ በጣቱ መሳብ ብቻ። በስፖርቶማቲክ ግን ማርሹን የምትገፋው አሁንም አንተ ነህ።